«አንቺ እናቴ አይደለሽም»፦ በስኪዞፍሬንያ የታመመ ሰው የሚያየውና የሚያምነው ከየት ይመጣል?



በከሚሴም ሆነ በባቲ፣ በሰንበቴም ሆነ በጨፋ ሮቢት፣ አንድ ወጣት «ግድግዳው ላይ ሰው ቆሞ ያየኛል» ማለት ሲጀምር ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ማን ምን አደረገበት?» አንዱ ጎረቤት ጂን ነው ይላል፤ ሌላው ሲሕር፣ ሌላው ደግሞ ዓይን ነው ይላል። ልጁ ላይ በአማርኛ «እብድ»፣ በኦሮምኛ «ማራታ» የሚል ስም ይለጠፍበታል። ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲወሰድ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። ባክኖ የሚያልፈው ደግሞ ሕክምና ይበልጥ ሊረዳው ይችል የነበረው ጊዜ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ወጣት የሚያየው ነገር እንዴት ሊታየው እንደቻለ፣ ለምን እንዲያ አጥብቆ እንደሚያምንበትና ቤተሰቡ ምን ማድረግ እንዳለበት ማስረዳት ነው።

ስኪዞፍሬንያ ምንድን ነው?

ስኪዞፍሬንያ የአንጎል ሥራ የሚታወክበት በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 24 ሚሊዮን ያህል ሰዎች፣ ማለትም ከ300 ሰው አንዱ ገደማ ይታመምበታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ዕድሜ፣ ማለትም ልጁ ትምህርት በሚጨርስበት፣ ሥራ በሚይዝበት ወይም ትዳር በሚያስብበት ጊዜ ነው።

ዋና ዋና ምልክቶቹ የሚከተሉት ናቸው። የመጀመሪያው ሌላ ሰው የማይሰማውን መስማት፣ የማይታየውን ማየት ነው። ሁለተኛው ማስረጃ ቢቀርብለትም የማይለወጥ የተዛባ እምነት ነው፤ «ይከታተሉኛል»፣ «ምግቤ ውስጥ መርዝ ይጨምራሉ»፣ «ሐሳቤን ይሰርቁኛል» የሚል። ሦስተኛው የንግግር መዘበራረቅ ነው። አራተኛው ብዙ ሰው እንደ ስንፍና የሚቆጥረው ነው፦ ከሰው መራቅ፣ ፊት ላይ ስሜት አለመነበብ፣ ገላን አለመታጠብ፣ ከዚህ ቀደም ሲሰግድና ሲሠራ የነበረው ሰው ሁሉንም መተው።

ይህ በሽታ የኢማን ድክመት ውጤት አይደለም። የእናት ወይም የአባት አስተዳደግ ጥፋትም አይደለም። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት፣ በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ችግር፣ ከባድ የኑሮ ጫና፣ ሐሺሽና መሰል ዕፆች ተደራርበው የሚያመጡት ነው።

የሚያየው ዓይን ብቻ አይደለም

ሁላችንም ዓይናችን እንደ ካሜራ ያለውን ብቻ የሚያነሳ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ዓይን ወደ አንጎል የሚልከው ብርሃንና ጥላ፣ ቀለምና መስመር ነው። ይህ ሰው ነው፣ ይህ ዛፍ ነው ብሎ የሚወስነው አንጎል ነው። ለመወሰን ደግሞ ከዚህ ቀደም የሚያውቀውን ተጠቅሞ ይገምታል። ማግሪብ ላይ በቦርከና ወንዝ ዳር የሚሄድ ሰው ጉቶውን ጅብ አድርጎ የሚያየው ለዚህ ነው። ብርሃኑ ሲያንስ አንጎል በግምት ይሞላዋል። ቀረብ ሲል ግምቱ ይታረማል፤ ሰውየውም በራሱ ስቆ ያልፋል።

በስኪዞፍሬንያ የሚታወከው በዓይን በሚገባውና አንጎል በሚገምተው መካከል ያለው ሚዛን ነው። ይህን የሚያሳይ ቀላል ሙከራ አለ። የሰው ፊት ቅርጽ ያለውን ጭንብል ገልብጠን ጎድጓዳውን የውስጥ ክፍል ብናይ፣ ጤነኛ ሰው ጎድጓዳ መሆኑን እያወቀ እንኳ ወደ ውጭ የወጣ ፊት ሆኖ ይታየዋል። አንጎላችን ፊት ሁልጊዜ ወደ ውጭ የወጣ መሆኑን ስለሚያውቅ ዓይን የሚያመጣውን ይሽረዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የጀርመንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት ግን የስኪዞፍሬንያ ታማሚዎች በዚህ እምብዛም እንደማይታለሉ አሳይቷል። እነሱ ጎድጓዳውን ጎድጓዳ አድርገው ያያሉ። ጤነኛው ተሳስቶ እነሱ ትክክል የሚሆኑበት ሙከራ ነው። ነገር ግን የሚያሳየው የእይታቸውን ብርታት ሳይሆን የቀደመ እውቀት እይታን የሚገራበት ልጓም መላላቱን ነው።

ልጓሙ የሚላላው በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናት ተሳታፊዎች አንድን ምስል ከአንድ ድምፅ ጋር ደጋግመው እንዲያዩና እንዲሰሙ ካደረገ በኋላ፣ ምስሉን ብቻ ያለ ድምፅ አሳያቸው። ድምፅ የመስማት ልማድ ያላቸው ሰዎች ያልነበረውን ድምፅ «ሰምተናል» ያሉበት ጊዜ ከሌሎቹ በጣም የበዛ ነበር። እዚህ ላይ ደግሞ ግምቱ ከእውነታው በርትቶ አሸንፏል።

ቤተሰብ ከዚህ ሊይዘው የሚገባው ቁም ነገር አንድ ነው፦ ታማሚው «አየሁ» ሲል አይዋሽም። አንጎሉ በእርግጥ ምስሉን ሠርቶለታል። ለእሱ ያ ምስል እናንተ ፊት ለፊታችሁ ያለውን ጀበና እንደምታዩት ያህል ነው። ሆኖም በስኪዞፍሬንያ ይበልጥ የተለመደው ድምፅ መስማት ነው። የማይታይ ማየት የሚገጥማቸው ከታማሚዎቹ ሩብ ያህሉ ናቸው፤ አብዛኞቹም ከምስሉ ጋር ድምፅ ይሰማሉ።

ተራው ነገር ሁሉ ትርጉም ሲያገኝ

ታዲያ ከማየት ወደ ማመን የሚሻገረው እንዴት ነው? በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ከሥራዎቹ አንዱ «ይህ ነገር ላንተ አስፈላጊ ነው፣ ልብ በል» የሚል ምልክት መስጠት ነው። በስኪዞፍሬንያ ይህ ምልክት ያለ ቦታው ይበራል። በመስጊድ በር ላይ የሳለ ሰው፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፍ የመኪና መብራት፣ በገበያ መካከል የተወረወረ አንድ እይታ ሁሉም ለእሱ የተላከ መልእክት ይመስለዋል።

ሰው ደግሞ ትርጉም ሳይሰጥ መቀመጥ አይችልም። ቀኑን ሙሉ ሁሉም ነገር ወደ እሱ እየጠቆመ ከሆነ ምክንያቱን ይፈልጋል። አንድ ቀን «አሃ! እየተከታተሉኝ ነው» የሚል መልስ ያገኛል። ያን ጊዜ ግራ መጋባቱ ቀለል ይልለታል፤ ነገሩ ሁሉ የገጠመለት ይመስለዋል። ስለዚህ ያን እምነት በክርክር ልናስለቅቀው ስንሞክር አጥብቆ ይይዘዋል።

የእምነቱ ልብስ የሚሰፋው ከአካባቢው ጨርቅ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ታማሚው የሚከታተለው የስለላ ድርጅት ወይም የተደበቀ ካሜራ ይሆናል። በእኛ አገር ጂን፣ ሲሕር ወይም የቀናተኛ ጎረቤት መተት ይሆናል። ዛሬ ዛሬ ደግሞ የእጅ ስልክም ተጨምሯል። ልብሱ ቢለያይም ከሥሩ ያለው ሕመም አንድ ነው።

«እናቴን የመሰለች ሌላ ሴት ናት»

ከሁሉ ይልቅ ቤተሰብን የሚያስደነግጠው ታማሚው የገዛ እናቱን ወይም ሚስቱን «አንቺ እሷ አይደለሽም፤ መልኳን ይዘሽ የመጣሽ ሌላ ነሽ» ሲል ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች «ይኸው፣ ጂኑ ራሱ ተናገረ» ይላሉ። ይህ ግን በሕክምና ከመቶ ዓመት በፊት የተመዘገበ ሁኔታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ጉዳዩን በገለጸው በፈረንሳዊው ሐኪም በዦዜፍ ካፕግራ ስም ይጠራል።

በሰፊው የሚሰጠው ማብራሪያ ይህን ይመስላል። የምናውቀውን ፊት ስናይ አንጎላችን ሁለት ሥራ ይሠራል፦ አንደኛው «ይህች እናቴ ናት» ብሎ መለየት፣ ሁለተኛው ከእሷ ጋር የተያያዘውን የፍቅርና የመላመድ ስሜት መቀስቀስ። መለየቱ ሠርቶ ስሜቱ ሲጠፋ ታማሚው እናቱን የምትመስል፣ ልቡ ግን የማያውቃት ሴት ፊት ለፊቱ ቆማ ያገኛል። ይህን ባዶነት የሚያስረዳለት ሐሳብ ሲፈልግ «ተለውጣለች» ይላል። በ1990ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ የተደረገ ምርመራ እንዲህ ያለ እምነት ያላቸው ሰዎች የሚያውቁትን ፊት ሲያዩ፣ በሌሎች ሰዎች ላይ የሚታየው የቆዳ የስሜት ምላሽ እንደማይታይባቸው አሳይቷል።

ስለዚህ እናት ሆይ፣ ልጅሽ «አንቺ እናቴ አይደለሽም» ቢልሽ የካደሽ ልጅሽ አይደለም። የተሰበረው በአንጎሉ ውስጥ ፊትሽን ከፍቅርሽ ጋር የሚያገናኘው መንገድ ነው።

«ጂን ነው ወይስ በሽታ?»

ይህ ጥያቄ በእኛ ማኅበረሰብ ሳይመለስ ሊታለፍ አይችልም። የጂን መኖር በቁርኣን የተረጋገጠ፣ ሙስሊም የሚያምንበት ጉዳይ ነው። ከጂን መኖር ግን እያንዳንዱ የአእምሮ መታወክ ከጂን ነው የሚል ድምዳሜ አይመጣም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘዋል፤ አላህ መድኃኒት ሳያወርድለት ያወረደው በሽታ እንደሌለም አስተምረዋል። ከዚህ ትምህርት አእምሮን ለይቶ የሚያወጣ ነገር የለም።

ቀደምት ሙስሊም ሊቃውንትም እንዲህ ነበር የተረዱት። እ.ኤ.አ. በ934 የሞቱት አቡ ዘይድ አል-በልኺ አካል እንደሚታመም ሁሉ ነፍስም እንደምትታመም፣ ሁለቱም ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው በመጽሐፋቸው አስረድተዋል። በካይሮ በሱልጣን ቀላውን ዘመን በ1284 የተጀመረው ቢማሪስታን እና በ1354 በሐለብ የተሠራው የአርጉን ቢማሪስታን የአእምሮ ሕሙማንን ተቀብለው ያክሙ ነበር። የአእምሮ ሕክምና ከምዕራብ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የራሳችን ታሪክ አካል ነው።

ሌላም ነጥብ አለ። አንዳንድ ታማሚ «እኔ መህዲ ነኝ» ወይም ከዚያ የከፋ ነገር ሊናገር ይችላል። ቤተሰብ ይሸማቀቃል፤ አንዳንዱም በዱላ ሊያስተው ይሞክራል። አእምሮው የታወከ ሰው እስኪመለስለት ድረስ የተጠያቂነት ብዕር እንደተነሳለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። አላህ ያልተጠያየቀበትን እኛ ልንቀጣበት አይገባም።

የሚታይ ነገር ሁሉ ስኪዞፍሬንያ አይደለም

እንቅልፍ ሲወስደን ወይም ስንነቃ ሰውነታችን ታስሮ ጥላ ሲጫነን የምንለው ዱካክ በጤነኛ ሰው ላይም የሚከሰት የእንቅልፍ ሁኔታ ነው። የሞተባትን ባሏን በሐዘን ሰሞን በጨረፍታ ያየች ሴት አበደች አይባልም። ዓይናቸው የደከመ አረጋውያን አእምሯቸው ሙሉ ሆኖ የሌሉ ሰዎችንና እንስሳትን ሊያዩ ይችላሉ፤ እነሱ የሚያስፈልጋቸው የዓይን ሐኪም ነው።

በተለይ ልብ የሚባለው ይህ ነው፦ ሰውየው በድንገት፣ በቀናት ውስጥ፣ ትኩሳት ይዞት መቃዠትና ነገሮችን ማየት ከጀመረ የወባ፣ የታይፎይድ ወይም የማጅራት ገትር ምልክት ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። እንደ ጨፋ ባለ ቆላ ስፍራ ይህን መርሳት ነፍስ ያስከፍላል። የሚጥል በሽታም ምስል ሊያሳይ ይችላል። ጫት በብዛትና ያለ እንቅልፍ መቃምም እንዲሁ፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንን ስለሚያነሳ ጥርጣሬንና ድምፅ መስማትን ሊቀሰቅስ፣ ያለውንም ሕመም ሊያባብስ ይችላል።

ባለፉት ዓመታት ዞናችንና አጎራባች አካባቢዎች ግጭትና ጦርነት አሳልፈዋል። ተኩስ የሰማና መፈናቀል የደረሰበት ሰው ሌሊት ቢባንን፣ የታጠቀ ሰው ሲያይ ቢደነግጥ ፍርሃቱ መሠረት አለው። እሱም እርዳታ ይገባዋል፤ ነገር ግን ስሙ ስኪዞፍሬንያ አይደለም። ለመለየት ባለሙያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ቡታጅራ ያስተማረችን

በአገራችን ስለዚህ በሽታ ከምናውቀው ብዙው የተገኘው በጉራጌዋ ቡታጅራና በአካባቢዋ ነው። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸውን 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት መረመሩ። ከ1,000 ሰው 5 ገደማ (4.7) በሕይወት ዘመኑ በስኪዞፍሬንያ ታምሞ ተገኘ። በዚህ ልክ ካሰብነው 10,000 ወጣትና ጎልማሳ ባለበት ከተማ 47 ሰው ማለት ነው። ከእነዚያ ታማሚዎች ቀደም ሲል ሕክምና አግኝተው የነበሩት ከመቶ 10 እንኳ አይሞሉም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ይበልጥ ያማል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የ10 ዓመት ክትትል፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው የዚያ አካባቢ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ በአማካይ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ አሳየ። ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። ይህ ማለት ብዙዎቹን የገደለው የአእምሮ ሕመሙ በቀጥታ ሳይሆን ሌላው ሕመማቸው ሳይታከም መቅረቱ ነው። «እብድ ነው» ተብሎ ትኩሳቱን የሚያይለት፣ ሳሉን የሚያስመረምርለት አጥቶ ይሞታል።

ከዚያው አካባቢ ተስፋም ተገኝቷል። በ2022 የታተመ ጥናት፣ በጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ሠራተኞች የሚሰጥ ክትትል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚመራው ያነሰ ውጤት እንደሌለው አረጋግጧል። ሕክምና ማለት የግድ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መሄድ ማለት አይደለም።

የት እንሂድ? ምንስ እንጠብቅ?

ለከሚሴና ለአካባቢው ቤተሰብ የመጀመሪያው በር በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ ወይም የከሚሴ ሆስፒታል ነው። ከዚያ በላይ ካስፈለገ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው የደሴ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፋል። ሲሄዱ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ እንቅልፉ እንዴት እንደሆነ፣ ምን እንደሚቅምና እንደሚወስድ፣ ከዘመድ የታመመ እንዳለ የሚያውቅ ሰው አብሮ ይሂድ። ራሱን ወይም ሌላውን ለመጉዳት ካሰበ፣ ምግብና ውሃ ካቆመ አንድ ቀን እንኳ አይቆይ።

መድኃኒቶቹ፣ ለምሳሌ ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ሪስፔሪዶን፣ ያ ያለ ቦታው የሚበራውን የዶፓሚን ምልክት ያበርዳሉ። ውጤቱ በአንድ ቀን አይመጣም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። መጀመሪያ እንቅልፉና እርጋታው ይመለሳል፤ ድምፁና ምስሉ ቀስ በቀስ ይርቃል፤ እምነቱ የሚላላው ብዙ ጊዜ ከሁሉ በኋላ ነው። በአፉ ለመዋጥ ለሚቸገር ሰው በየወሩ ገደማ የሚሰጥ መርፌም አለ።

መድኃኒቱ የጡንቻ መገተር፣ መንቀጥቀጥ፣ የምራቅ መዝረብረብ፣ ተቀምጦ መቆየት አለመቻል ሊያመጣ ይችላል። ይህን ያየ ቤተሰብ «ጂኑ ባሰበት» ብሎ መድኃኒቱን ያስጥላል። ጂን ሳይሆን የመድኃኒቱ ጎን ጉዳት ነው፤ ሐኪሙ መጠኑን በመቀነስ፣ በመለወጥ ወይም ሌላ ኪኒን በመጨመር ያስተካክለዋል። ተሻለኝ ብሎ በራስ ፈቃድ ማቆም ሕመሙ እንዲያገረሽ ዋናው ምክንያት ነው። ረመዳን ሲቀርብም ቀድሞ ሐኪሙን ማማከር ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ሰዓቱን ወደ ኢፍጣርና ሱሑር ማዛወር ይቻላል። የማይቻል ከሆነ ለታማሚ የተሰጠውን ፈቃድ ዓሊም ጠይቆ መጠቀም ነው።

ሩቅያና መድኃኒት

ቁርኣን መቅራትና ዱዓ ማድረግ ሱና ነው፤ ለታማሚውም ለቤተሰቡም እርጋታ ነው። ሩቅያ ከመድኃኒት ጋር አይጋጭም። የሚጋጨው «መድኃኒቱን ጥለህ ና» የሚል ራቂ ነው። መምታት፣ አንገት ማነቅ፣ በጭስ ማፈን፣ ሆድ እስኪነፋ ውሃ ማጠጣት፣ ማስራብ፣ በጂን ስም የጎረቤትን ስም ማስጠራት ሩቅያ አይደሉም። የመጨረሻው በተለይ አደገኛ ነው፤ የታማሚውን የተዛባ ጥርጣሬ በሃይማኖት ማኅተም ያጸናዋል፤ በዘመድና በጎረቤት መካከልም ደም ያፋስሳል። አማኝ የሆነ ራቂ «አንብቤለታለሁ፣ አሁን ሐኪም ቤት ውሰዱት» የሚል ነው። በየመንደሩ እንዲህ የሚሉ ሸይኾችና ኡስታዞች ቢበዙ ብዙ ወጣት በጊዜ ይድን ነበር።

ቤት ውስጥ ምን እንበል?

«ግድግዳው ላይ ሰው አለ» ሲል ሁለት ስህተቶች አሉ። አንደኛው «ውሸታም! ምንም የለም!» ብሎ መጮህ፤ ለእሱ አለና አያምናችሁም፣ እምነቱንም ያጣባችኋል። ሁለተኛው «አዎ፣ እኔም ይታየኛል» ማለት፤ ይህ ፍርሃቱን ያጸናል። መካከለኛው መንገድ እንዲህ ነው፦ «እኔ አይታየኝም፤ አንተን ግን እንደሚያስፈራህ ይገባኛል። አብሬህ ነኝ።» ከዚያ መብራት ማብራት፣ ወደ ሌላ ክፍል መውሰድ፣ የሚጮህ ቴሌቪዥን መዝጋት፣ ብዙ ሰው እንዳይከበው ማድረግ። እናቱን «አይደለሽም» ካላት አትከራከር፤ ለጊዜው ሌላ የሚያምነው ሰው ምግቡን ያቅርብለት።

ሰንሰለት መፍትሔ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ የሚያስረው በጭካኔ ሳይሆን ልጁ ጫካ እንዳይገባ፣ መኪና እንዳይገጨው ፈርቶ፣ አማራጭም አጥቶ ነው። ግን የታሰረ ሰው «ጠላት አለኝ» የሚለውን እምነቱን የሚያረጋግጥለት ሰንሰለቱ ራሱ ነው። ለሰንሰለትና ለቁልፍ የሚወጣው ገንዘብ ወደ ጤና ጣቢያው ለመሄድ ይውላል።

ሸክሙ ግን የአንድ ቤት ብቻ ሊሆን አይገባም። የመስጊዱ ጀመዓና እድሩ ለሐዘን እንደሚደርሱ ሁሉ ለታማሚ ቤትም ይድረሱ፦ የደሴ ትራንስፖርት መሸፈን፣ በመድኃኒት ቀን አብሮ መሄድ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛችውን እናት ለአንድ ከሰዓት መተካት። የተሻለውንም ወጣት በሶፍ ውስጥ ቦታ ስጡት፤ ሰላምታ አትንፈጉት፤ የሚችለውን ሥራ አትከልክሉት።

አላህ (ሱ.ወ) ለሕሙማኖቻችን ሺፋውን፣ ለአስታማሚዎቻቸውም ሶብርን ይስጥልን። ወላሁ አዕለም።